ኤሊዋ አልጠፋችም፤ ወደ ወንዝ አትውሰዷት

ባለፈው ሰኔ መጨረሻ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ በሚገኘው የአክስቴ የገጠር ቤት ነበርኩ። ሌሊቱን ጥሩ ዝናብ ጥሎ አድሯል። ጠዋት ቡና እየተቆላ ሳለ የጎረቤት ልጅ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ፣ የማዳበሪያ ጆንያ በሁለት እጁ አቅፎ በአጥሩ ሥር ሲያልፍ አየሁት። ምን እንደያዘ ጠየቅኩት። «ኤሊ ናት ጋሼ፤ ከውሃ ጠፍታ ማሽላው ውስጥ አገኘኋት። ቦርከና ወንዝ ልከታት ነው» አለኝ። ፊቱ ላይ ደግ ሥራ የሚሠራ ሰው ደስታ ይነበብ ነበር።

ጆንያውን ከፍተን አየናት። ጉልላት የመሰለ ከፍ ያለ ቅርፊት፣ ቢጫማ መደብ ላይ የተረጨ ጥቁር ነጠብጣብ፣ የዝሆንን የሚመስሉ አራት ወፋፍራም እግሮች። ዕድሜዋን በሙሉ በደረቅ መሬት ላይ የምትኖር ኤሊ ነበረች። ክረምት ሲገባ ቦርከና እንዴት እንደሚሞላ የሚያውቅ ሰው የቀረውን ይገምተዋል። ልጁ ሊያድናት ብሎ የተሸከማት ወደምትሞትበት ቦታ ነበር።

ይህን የምጽፈው በዚያ ልጅ ምክንያት ነው። አንዳችም ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም ከብዙዎቻችን ይልቅ አዘነላት። ያሳሳተው አንድ ሐሳብ ነው፤ ከቤታችን አጠገብ ያገኘነው የዱር እንስሳ ሁሉ ከቦታው የጠፋ ይመስለናል። በገጠር ቤት ዙሪያ በዱር እንስሳት ላይ ከሚደርሰው ጉዳት ብዙው የሚመነጨው ከዚህ ሐሳብ ነው። በሰውም ላይ ከሚደርሰው ጥቂት አይደለም።

አንድ ስም፣ ብዙ እንስሳ

አማርኛችን ለእነዚህ ሁሉ የሰጠው ስም አንድ ነው። በባሕር የምትዋኘውም፣ በኩሬና በረግረግ የምትኖረውም፣ ሣር ስትግጥ የምትውለውም ኤሊ ትባላለች። ስሙ ሲጠራ ደግሞ የብዙዎቻችን አእምሮ የሚሄደው ወደ ውሃ ነው። ስለዚህ ማሳ ውስጥ ስናገኛት መንገድ የሳተች ትመስለናለች።

ለመለየት እግሯን ማየት ይበቃል። የየብስ ኤሊ እግር እንደ ምሰሶ ድፍን ነው፤ ጣቶቹ አይለዩም፤ ቆዳው ሻካራና ቅርፊታማ ነው። የውሃ ኤሊ ግን ጣቶቿ በስስ ቆዳ የተያያዙ ናቸው፤ ረዘም ያሉ ጥፍሮችም አሏት። ጀርባዋ ዝርግ ነው፤ ከምጣድ አክንባሎ ይልቅ ለሰፌድ ይቀርባል። በአገራችን ኩሬዎችና ጅረቶች የሚገኘው የውሃ ኤሊ ዓይነት ሌላም ምልክት አለው። ሲፈራ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ውስጥ አይስብም፤ ወደ ጎን አጥፎ ከቅርፊቱ ጠርዝ ሥር ይሸጉጠዋል። ሥጋ በል ስለሆነ ይነክሳል፤ ሲያዝም ክፉ ሽታ ይለቃል።

ልጁ የያዛት ባለሙያዎች በነብር ስም የሚጠሯት ናት፤ ስሙ የመጣው ከነጠብጣቧ ነው። ከኢትዮጵያ ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ትገኛለች። ሙቀት ትወዳለች። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምትገኘው ደሴ ይልቅ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ሐርቡና ወደ ባቲ ስትሄዱ የማግኘት ዕድላችሁ ይሰፋል። ከባቲ ወዲያ ባሉት የአገራችን ደረቅ ቆላዎች ደግሞ ከዚህችም የምትበልጥ፣ ጉድጓድ እየማሰች ከሐሩር የምትሸሸግ ሌላ የየብስ ኤሊ አለች። በአህጉር ላይ ከሚኖሩ የየብስ ኤሊዎች ሁሉ ትልቋ እሷ ናት፤ ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከልም ተቆጥራለች።

የየብስ ኤሊ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ብትገባ ለጥቂት ጊዜ ልትንሳፈፍ ትችላለች። በደራሽ ውሃ ውስጥ ግን ዳር ካላገኘች ይደክማትና ትሰጥማለች። የውሃዋን ኤሊ ከወንዝ ርቃ ብታገኟትም መሸከም አያስፈልግም። ከዝናብ በኋላ ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው በእግሯ መሄድ ልማዷ ነው፤ በበጋ ኩሬው ሲደርቅም ጭቃው ውስጥ ተቀብራ ዝናቡን ትጠብቃለች።

ቅርፊቱ ቤት አይደለም

«ኤሊ ቤቷን ተሸክማ ትዞራለች» ሲባል የሰማ ልጅ ቅርፊቱን እንደ ልብስ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። እውነቱ ግን የኤሊ አከርካሪና የጎን አጥንቶች ከቅርፊቷ ጋር አንድ ሆነው ያደጉ መሆናቸው ነው። ላዩን የሸፈነው ንጣፍ የእኛ ጥፍር ከተሠራበት ነገር የተሠራ ነው፤ ከሥሩ ግን ደምና ነርቭ ያለው ሕያው አጥንት አለ። ስትነኩት ይሰማታል። ለገመድ ማሰሪያ ብሎ ጠርዙን በሚስማር መብሳት ሕያው አጥንት መብሳት ነው፤ ቁስሉም ያመረቅዛል። ቀለም መቀባት፣ ልጅ ላይዋ ማስቀመጥ፣ «ምን ያህል ትችላለች» ብሎ መቆም፣ እነዚህን ሁሉ አይቻለሁ፤ ሁሉም ያሳዝናሉ።

የጎን አጥንቶቿ ስለማይንቀሳቀሱ እንደ እኛ ደረቷን ነፍታ አትተነፍስም፤ የምትተነፍሰው በእግሮቿና በሆዷ ጡንቻዎች ነው። በጀርባዋ ስትገለበጥ የሆድ ዕቃዋ ሳንባዋን ይጫነዋል። ፀሐይ ላይ ከሆነች ደግሞ ገላዋ በፍጥነት ይግላል። ተገልብጣ ካገኛችኋት በጎኗ በኩል ቀስ አድርጋችሁ አዙሯት፤ ከዚያ ራቁ።

በበጋ የሚሠራ ስህተት አለ፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ላብራራው። ኤሊ ስትነሣ ትሸናለች። የምትለቀው ውሃ ለወራት ያጠራቀመችው ስንቋ ነው። ጥርና የካቲት ላይ፣ ኩሬው ደርቆ ሣሩ ገለባ በሆነበት ጊዜ፣ ለፎቶ ብቻ ብድግ አድርጋችሁ ብትመልሷት እንኳ ያን ውሃ አስደፍታችኋት ነው የምትሄዱት። የሚቀጥለው ዝናብ ሳይደርስላት ልትሞት ትችላለች።

ቅርፊቷ ላይ ያሉትን ክብ መስመሮች ቆጥሮ ዕድሜዋን መናገር ደግሞ አያስኬድም። መስመሮቹ የሚበዙትና የሚያንሱት እንደ ዝናቡና እንደ መኖው ነው፤ ስታረጅም እየተፋቁ ይጠፋሉ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ልትኖር እንደምትችል ግን ይታወቃል። በአክስቴ ማሳ ያየናት ኤሊ ያ ቤት ከመሠራቱ በፊት በዚያ መሬት ላይ ትሄድ የነበረች ልትሆን ትችላለች።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ብዙ ጊዜ ምንም። ኤሊ የምትውልበትን መሬት ታውቀዋለች። የትኛው ቁጥቋጦ ጥላ እንዳለው፣ የትኛው ሥፍራ ለምለም እንደሚያበቅል፣ የቁልቋል ፍሬ የት እንደሚወድቅ ለይታለች። ወስዳችሁ ሌላ ሥፍራ ብትጥሏት የቀድሞውን ስትፈልግ ትንከራተታለች፤ መንገድ ስታቋርጥም በመኪና ትዳጣለች።

አስፋልት ላይ ካገኛችኋት ግን እርዳታ ያስፈልጋታል። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ የጭነት መኪና ፍጥነት የሚታወቅ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ለራሳችሁ ተጠንቀቁ። ከዚያ በሁለቱም ጎኗ ይዛችሁ፣ ከመሬት ብዙ ሳታርቋት፣ ፊቷን ወዳዞረችበት ዳር አሻግሯት። ወደመጣችበት ብትመልሷት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደገና አስፋልቱን ትጀምረዋለች።

በመኪና ተገጭታ ቅርፊቷ ቢሰነጠቅም ሞተች ብላችሁ አትተዋት፤ ሕያው አጥንት ስለሆነ በሕክምና ሊጠገን ይችላል። ደረቅና ንጹሕ ጨርቅ ባነጠፋችሁበት ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። ስንጥቁን በሙጫም ሆነ በሲሚንቶ አትድፈኑ፤ ቆሻሻው ውስጥ ይታሸግና ይመርዛታል።

ጓሮ ውስጥ በኋላ እግሮቿ መሬት ስትቆፍር ካያችኋት እንቁላል ልትጥል ነው። መሬቱን በራሷ ውሃ እያረሰች ትቆፍራለች፤ እንቁላሎቿን ጥላ አፈር ትመልስና ትሄዳለች፤ ተመልሳ አትጠብቃቸውም። እስኪፈለፈሉ ስምንት ወር፣ አንዳንዴ ከዓመትም በላይ ይቆያሉ። የአፈሩ ሙቀት ሲጨምር ሴቶቹ፣ ሲቀንስ ወንዶቹ ይበዛሉ። ዙሪያውን ድንጋይ ደርድራችሁ ያችን ክንድ የማትሞላ ቦታ ሳታርሱ ብታሳልፏት፣ አንድ ቀን የሲኒ አፍ የምታክል ጫጩት ከአፈሩ ስትወጣ ልታዩ ትችላላችሁ።

ወደ ቤት ወስዶ ማሳደግስ? እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ። እንጀራና ዳቦ፣ አልፎ አልፎም ወተት የሚሰጧት ሰዎች አሉ። ሆዷ የተሠራው ለሣርና ለቅጠል ነው፤ ቤት ውስጥ ስትውል ፀሐይና ካልሲየም ስለሚጎድላት ቅርፊቷ ይዛባል፣ አጥንቷም ይላላል። ሕጉም አለ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝንና መነገድን ይከለክላል። ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም. የተቀላቀለችው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነትም የየብስ ኤሊዎችን ያለ ፈቃድ ከድንበር ማሻገርን ይከለክላል።

የጤናውም ነገር ቀላል አይደለም። ኤሊ ጤነኛ መስላ ሳልሞኔላ የተባለውን ተሕዋስ ልትሸከም ትችላለች። ተሕዋሱ ብርቱ ተቅማጥና ትኩሳት ያመጣል፤ ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ይከፋል። አሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 1975 ጀምሮ ትንንሽ ኤሊዎች ለቤት እንዳይሸጡ የከለከለችው በዚሁ ምክንያት ነው። የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ የጆንያው ልጅም ቡና ቁርስ ከመቅመሱ በፊት ታጥቧል።

ጅብ ከኤሊ ጋር ምን አገናኘው?

ጅብ አጥንት ስለሚፈጭ ኩሱ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል። የየብስ ኤሊ ለቅርፊቷ ካልሲየም ስለምትፈልግ ያን ነጭ ኩስ ትበላለች፤ ሜዳ ላይ የወደቀ አጥንትም ስትቀረጥፍ ትታያለች። በገጠር ቤት ዙሪያ ያሉ እንስሳት እንዲህ የተሳሰሩ ናቸው፤ አንዱን ነቅለን ሌላውን ማስቀረት ይከብዳል።

ጅብ ሌላም አገልግሎት ይሰጣል። በመቐለ የተደረገ ጥናት ጅቦች በዓመት 207 ቶን ገደማ ጥንብ ከከተማዋ እንደሚያነሡና አባ ሰንጋንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን የሚያመጡ ተሕዋስያን እንዳይዛመቱ እንደሚረዱ አሳይቷል። በዚያው በትግራይ የተካሄደ ሌላ ጥናት ደግሞ በዐቢይ ጾም ወቅት ሰው ሥጋ ሲተው የሚጣለው ትርፍራፊ ስለሚቀንስ ጅቦች ወደ አህያ እንደሚዞሩ አረጋግጧል። ይህ ለእኛ የሚናገረው ነገር አለ። ጅብ ወደ ደጃችን የሚመጣው በምንጥልለት ነገር ተመርቶ ነው፤ ምግቡ ሲጓደልበት ደግሞ በረታችንን ያያል።

በወሎ በአረፋም በፋሲካም ይታረዳል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይጠራራል። በማግሥቱ አንጀቱና ቆዳው ከአጥር ውጭ ተጥሎ ከዋለ፣ ጅብ ያን ቤት መብያው ያደርገዋል። ጥልቅ አድርጎ መቅበር መልካም ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ በረቱን የሚያጠብቅ ሰው ብዙውን ጊዜ አህያው ከተበላ በኋላ ነው የሚነሣው። ሌሊት ድንገት ቢገጥማችሁ አትሩጡ፤ ፊታችሁን ወደ እሱ አድርጋችሁ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ፣ ወደ ኋላ እያላችሁ ራቁ። ልጅ በጨለማ ብቻውን አይላክ።

ጦጣም ከምንጥለው ይማራል። ሐረጎን ስትወርዱ ከመኪና መስኮት የሚወረወር ሙዝ ያስደስት ይሆናል፤ ጦጣው ግን ሰው ማለት ምግብ ማለት ነው ብሎ ይይዛል። በሌላ ቀን ከሕፃን እጅ ሲነጥቅና ሲነክስ ጥፋተኛው እሱ ይባላል፤ ድንጋይ የሚወርድበትም በእሱ ላይ ነው።

ጃርት ድንች ትምሳለች፤ ግን እሾኳን አትወረውርም። እሾኩ የጠነከረ ፀጉር ነው፤ በቀላሉ ስለሚነቀል የተጠጋት ውሻ አፍንጫ ላይ ይቀራል። ውሻችሁን ያዙ፤ ይበቃል።

ከደኑ ዳር ተኝታ የምታገኟት የሚዳቋ ወይም የድኩላ ግልገልም እንደ ኤሊዋ የጠፋች ትመስላለች። እናቷ ሸሽጋት ሣር ልትበላ ሄዳለች፤ እየተመለሰች ታጠባታለች። አንሥቶ ወደ ቤት መውሰድ ከእናቷ መለየት ነው።

በእባብና በእብድ ውሻ በሽታ ጉዳይ ግን ቸልታ አይገባም

እፉኝት ሲመጡባት ከመሸሽ ይልቅ ባለችበት ተጋድማ መቅረት ትወዳለች፤ መልኳም ከደረቅ ቅጠል ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ብዙ ሰው የምትነድፈው ሲረግጣት ነው። ሲመሽ ባትሪና የተሸፈነ ጫማ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ የተከመረ እንጨት፣ አይጥ የማይራባበት ጎተራ፣ እነዚህ ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣሉ። የተነደፈ ሰው ቢገጥማችሁ አረጋጉት። ቀለበቱንና አምባሩን አውልቁ፤ ኋላ እግሩ ወይም እጁ ያብጣል። የተነደፈውን አካል ሳታንቀሳቅሱ ወደ ጤና ተቋም አድርሱት። አትብጡት፣ በአፍ አትምጠጡት፣ በገመድ አጥብቃችሁ አትሰሩት። በብዙ ቤት ተቀምጦ የሚገኘው ጥቁር ድንጋይ መርዝ አይስብም፤ ጊዜ ግን ይበላል። ጸበሉም ዱዓውም በመንገድ ላይ ይሁን፤ መኪናው አይቁም።

ቀበሮ ወይም ሌላ የዱር አውሬ በቀን እየተንገዳገደ ሰው ሳይፈራ ወደ ግቢ ከገባ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላል። «ለመደን» ብላችሁ አትጠጉት። የነከሰውን ወይም የቧጨረውን ሥፍራ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ሳትውሉ ሳታድሩ ለክትባት ሂዱ። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ ሰው አይተርፍም ማለት ይቻላል።

ኩሬውና የቆሻሻው ክምር

ስለ ግቢያችን ሁለት ነገር ልጨምር። በብዙ የገጠር ግቢ ለጓሮ አትክልት የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት፣ ወለሉ በፕላስቲክ የተነጠፈ ኩሬ አለ። ፕላስቲኩ ያንሸራትታል፤ ውሃ ሊጠጣ የወረደ እንስሳ መውጫ ያጣል። ኤሊም፣ ጃርትም፣ የሰው ልጅም። ሻካራ ግንድ ወይም ቋጠሮ የበዛበት ገመድ ከዳሩ እስከ ውሃው ማውረድና ዙሪያውን ማጠር ወጪው እዚህ ግባ አይባልም። የተከመረ ቅጠልና ገለባ ከማቃጠላችሁ በፊት ደግሞ ክምሩን በዱላ አገላብጡት። ኤሊ እሳት ሲመጣ ሮጣ አታመልጥም፤ ቅርፊቷ ውስጥ ትገባና እዚያው ትቃጠላለች።

ያን ቀን ጠዋት ልጁ ያገኘባትን ቦታ አሳየኝ። ማሽላው መካከል፣ ከአንዲት የአጋም ቁጥቋጦ አጠገብ ነበር። አስቀምጠናት ራቅ ብለን ተቀመጥን። ሩብ ሰዓት ያህል ጭንቅላቷን አላወጣችም። በኋላ አንገቷ ቀስ እያለ ወጣ፤ ዙሪያዋን አየች፤ ሳትፈልግና ሳታመነታ ወደ አጋሙ ሥር ገባች። ልጁ አየኝ፤ እኔም አየሁት። የነጠብጣቧ አጣጣል ከሌላ ኤሊ ጋር እንደማይገጥም ስነግረው ስልኬን ተቀብሎ ጀርባዋን ከቅርብ አነሣው፤ ፎቶውን ለእናቱ ስልክ ላክሁለት።

ነሐሴ ላይ ደሴ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። «ጋሼ፣ ያቺው ናት! በግራ ጎኗ ያለው ሦስት ማዕዘን ነጠብጣብ አለ» አለኝ። ኤሊዋ አክስቴ በአጥሩ ሥር በተወችላት ክፍተት እየገባች ነበር።